አባ ኮስትር በላይ፤ ጠመዝማዛው ቦይና ያልተተኮሰው ጥይት

በጎጃም ምድር በላይ ዘለቀ ሲነሳ ዒላማው አብሮ ይነሳል። ቢቸናም ይሁን ሞጣ፣ ሽማግሌው ስለ አባ ኮስትር ማውራት ከጀመረ ጥይት የማያባክን፣ ካነጣጠረ የማይስት ሰው አድርጎ ነው የሚያወራው። ወሬው ላይ ትንሽ ቅመም መጨመሩ አይቀርም። የድሮ አጥቂ ያገባት ጎል ርቀቷ በየዓመቱ እንደሚጨምር ሁሉ የጀግና ተኩስም በየትውልዱ ይርቃል።

ከወሬው ሥር ግን አንድ እውነት አለ። በላይ አምስቱን የጠላት ዓመታት የተዋጋው መድፍ፣ መትረየስና አውሮፕላን ካለው ጦር ጋር ነው። በእሱ በኩል የነበረው በአብዛኛው ጠመንጃ ነበር፤ ያውም ጥይቱ በቁጥር የሆነ ጠመንጃ። አሥር ጥይት በዝናሩ ያለው ሰውና ከኋላው በበቅሎ የተጫነ ሳጥን ሙሉ ጥይት የሚከተለው ሰው አንድ ዓይነት ተኩስ አይተኩሱም። አሥር ጥይት ያለው ሰው የጠመንጃውን ጠባይ ማወቅ ነበረበት። የጠመንጃ ጠባይ ደግሞ ያለው ዓይን በማያየው ቦታ፣ በአፈሙዙ ሆድ ውስጥ ነው።

የስፖርት ገፅ ላይ የአርበኛና የአፈሙዝ ታሪክ ምን ይሠራል የሚል አንባቢ አይጠፋም። አንደኛ ነገር፣ ዒላማ ተኩስ እ.ኤ.አ በ1896 አቴንስ ላይ ከተካሄደው የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ ጀምሮ ስፖርት ነው። ሁለተኛ፣ ስለ ሽክርክሪት ኳስ አፍቃሪን ማስተማር ለቀባሪ ማርዳት ነው።

ኳስም ጥይትም ይሽከረከራሉ

ሮቤርቶ ካርሎስ እ.ኤ.አ በ1997 ሊዮን ላይ ፈረንሳይ ላይ ያገባትን ቅጣት ምት ያላየ የለም። ከ35 ሜትር ገደማ ተመትታ፣ ከግድግዳው ውጪ ወጥታ፣ ተመልሳ የግቡን ቋሚ ነክታ የገባችው ኳስ ባርቴዝን ከቆመበት ሳታነቃንቅ ነው መረብ ያገኘችው። ኳሷን ያጠማዘዛት ሽክርክሪቷ ነው። ጭራሽ ሳትሽከረከር የተመታች ኳስ ደግሞ አየር ላይ ወዲያና ወዲህ ትዋልላለች፤ ግብ ጠባቂውም የት እንደምትሄድ አያውቅም፣ መቺውም ቢሆን እርግጠኛ አይደለም።

ጥይት ላይም ሕጉ ያው ነው፤ ልዩነቱ የሽክርክሪቱ አቅጣጫ ላይ ነው። ኳሷ የምትዞረው ወደ ጎን ስለሆነ ትታጠፋለች። ጥይት ግን የሚሽከረከረው ልክ እንደ እንዝርት በራሱ ቁመት ዙሪያ ነው። እንዝርት እየሾረ እስካለ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሲደክም ይንገዳገድና ይወድቃል። ሾጣጣ ጥይትም ካልሾረ አየር ላይ ይገለባበጣል። ስለዚህ ከ500 ዓመት ገደማ በፊት በመካከለኛው አውሮፓ የነበሩ ጠመንጃ ሠሪዎች በአፈሙዙ ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ መፈልፈል ጀመሩ። ጥይቱ ቦዩን ነክሶ እየዞረ ይወጣል።

መጠኑን ለማነፃፀር፣ በኃይል የተጠማዘዘች ቅጣት ምት በሰከንድ 10 ዙር ያህል ትዞራለች። በበላይ ዘመን ከነበሩት ዘመናዊ ጠመንጃዎች የሚወጣ ጥይት ግን በሰከንድ ከ3,000 ዙር በላይ ይሾራል።

የባሻ ዘለቀ ልጅ

በላይ የተወለደው በ1904 ዓ.ም አካባቢ ነው። አባቱ ባሻ ዘለቀ ላቀው የቢቸና ሰው፣ እናቱ ወይዘሮ ጣይቱ አሰኔ ደግሞ ከዓባይ ማዶ የወሎ ቦረና ተወላጅ ነበሩ። ባሻ ዘለቀ የልጅ ኢያሱ ሰው ናቸው። ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም ከሥልጣን ሲወርዱ በተከታዮቻቸው ላይም ፀሐይ ጠለቀች። ባሻ ዘለቀ ወደ አገራቸው ቢመለሱም ሰላም አላገኙም። ሊይዟቸው ከመጡ ሰዎች ጋር ተታኩሰው ተገደሉ። በላይ ያኔ ገና ልጅ ነበር።

በዚያ አገርና በዚያ ዘመን የአባት ደም ዝም ተብሎ የሚታለፍ ነገር አልነበረም። በላይና ወንድሙ እጅጉ ቂሙን ይዘው፣ ጠመንጃ እየነገቱ፣ ዒላማ እየለመዱ አደጉ። የተለማመዱበት ሜዳ ደግሞ ቀላል አይደለም። ከቢቸና ደጋ ወደ ምሥራቅ ሲወጣ መሬቱ ተቆርጦ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ገደል አፋፍ ላይ ሆኖ ወደ ታች መተኮስ የራሱ ሙያ አለው። ሜዳ ላይ የተስተካከለ ጠመንጃ ወደ ቁልቁለትም ሆነ ወደ ዳገት ሲተኮስ ጥይቱ ከታለመበት ከፍ ብሎ ነው የሚመታው። ይህን በሒሳብ የተማረ አልነበረም፤ ጥይት አባክኖ የተማረው ግን አይረሳውም።

ጥይት ማባከን ምን ማለት እንደነበር ዛሬ ለመገመት ያስቸግራል። በዚያን ጊዜ ጥይት በገበያ ላይ እንደ አሞሌ ጨው የገንዘብ መንዛሪ ሆኖ ያገለግል ነበር። አንድ ጊዜ ስቶ መተኮስ ሳንቲም ወደ ገደል እንደመወርወር ነበር።

1928 ዓ.ም

ጣሊያን ወረራውን በመስከረም 1928 ዓ.ም ጀመረ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። የኳስ አፍቃሪ ይህን ዓመት በሌላም ያውቀዋል። ቅዱስ ጊዮርጊስ የተመሠረተው በዚያው በ1928 ነው። በወረራው ጊዜ ክለቡ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ተብሎ ስሙን እንዲቀይር ተገደደ። አዲስ አበባ ላይ ስም ሲነጠቅ፣ ቢቸና ላይ አንድ ወጣት ስም እያወጣ ነበር።

በላይ የተነሳው ከጥቂት ዘመዶቹና ወዳጆቹ ጋር ነው። ጠመንጃ የሚልክለት መንግሥት አልነበረውም። ጠመንጃውንም ጥይቱንም የሚያገኘው ከጣሊያን ነው። ኮንቮይ ሲያልፍ አድብቶ ይመታል፣ የወደቀውን መሣሪያ ይሰበስባል፣ በዚያ መሣሪያ ሌላ ሰው ያስታጥቃል። በዚህ አካሄድ ጥቂቱ ሰው ሺዎች ሆነ። ጣሊያን በየከተማው ምሽግ ውስጥ ተቀመጠ፤ ገጠሩ ግን የአርበኛው ሆነ።

በላይ ያስተዳደረው እንደ መንግሥት ነው። ለተከታዮቹ ራስ፣ ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ እያለ ማዕረግ ሰጠ። አንተስ ምን ትባላለህ ተብሎ ሲጠየቅ እናቱ ያወጣችለት ስም እንደሚበቃው መናገሩ እስከ ዛሬ ይወራል። በላይ ማለት ከሁሉ በላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ምን ማዕረግ አለ? የፈረስ ስሙ አባ ኮስትር ግን ከስሙ እኩል ታወቀ።

አራት ጠመንጃ፣ አራት ጠባይ

በዚያን ጊዜ በአንድ ጭፍራ ውስጥ አንድ ዓይነት ጠመንጃ ማየት ዘበት ነበር። ከአድዋ ዘመን የተረፈውም፣ ለማይጨው የተገዛውም፣ ትናንት የተማረከውም ጎን ለጎን ይነገታል።

የመጀመሪያው ውጅግራ ነው። ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ ያወጡት የግራ ጠመንጃ ሲሆን አንድ በአንድ የሚጎርስ፣ 11 ሚሊ ሜትር ትልቅ እርሳስ የሚተፋ ነው። ቦዩ የሚዞረው ቀስ ብሎ ነው፤ አንድ ዙር ለመጨረስ 55 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል። ጥይቱ በሰከንድ 800 ዙር ያህል ብቻ ይሾራል። ከባድና ዘገምተኛ ጥይት ስለሆነ ለእሱ ይበቃዋል። የውጅግራ ትልቁ ችግር ጥቁር ባሩዱ ነው። አንድ ጊዜ ሲተኮስ ጭሱ ተኳሹ የት እንዳደፈጠ ለጠላት ያሳብቃል፤ ጥላሸቱም ቦዩን ስለሚደፍነው ቶሎ ካልተጠረገ ዒላማው ይበላሻል።

ሁለተኛው ያለ ጭስ በሚነድ ባሩድ የሚሠራው የመጀመሪያው የጦር ጠመንጃ፣ የፈረንሳዩ የ1886 ለበል ነው። 8 ሚሊ ሜትር ጥይት አለው፤ አራት ቦዮቹ ወደ ግራ ይዞራሉ።

ሦስተኛው ቤልጅግ ነው። በቤልጅግ ፋብሪካ የተሠራው ይህ ማውዘር ከወረራው በፊት ለንጉሠ ነገሥቱ ጦር የተገዛ ነው። አራት ቦዮች አሉት፤ ወደ ቀኝ ይዞራሉ፤ በየ24 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ዙር ይጨርሳሉ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዟዟሩ አንድ ነው። ቤልጅግ የያዘ ሰው በጎጃም የተከበረ ሰው ነበር።

አራተኛው የጣሊያኑ የ1891 ካርካኖ ነው፤ 6.5 ሚሊ ሜትር። የአፈሙዙ ነገር ከሦስቱም ይለያል። ቦዩ ጥይቱ ከሚነሳበት ላይ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ወደ አፉ እየቀረበ ሲሄድ እየፈጠነ ይመጣል። ሐሳቡ ብልህ ነው። ጥይቱ በድንገት ተገፍቶ ሲነሳ ቦዩ በኃይል አያጠማዝዘውም፤ ቀስ አድርጎ ያስለምደውና መጨረሻ ላይ ሙሉ ሽክርክሪቱን ይሰጠዋል። ረጅሙ ካርካኖ በዚህ የተነሳ ደህና ዒላማ ነበረው።

ስህተቱ የመጣው ኋላ ነው። ጣሊያኖች አጭር ጠመንጃ ሲፈልጉ አዲስ ከመሥራት ይልቅ ረጅሙን ከአፉ በኩል ቆርጠው አሳጠሩት። የተቆረጠው ደግሞ ቦዩ በጣም የሚፈጥንበት ክፍል ነው። ጥይቱ ገና በቅጡ ሳይሾር ይወጣል፤ ዒላማውም ይዋልላል። በ1938 እ.ኤ.አ ባወጡት አዲስ ሞዴል ይህን አዟዟር ትተው እንደ ማውዘር ወጥ አደረጉት። ከዚሁ የካርካኖ ቤተሰብ የሆነ ጠመንጃ ነው በ1963 እ.ኤ.አ ዳላስ ላይ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደሉበት።

ለአርበኛው የዚህ ሁሉ ትርጉም አጭር ነው። ከአንድ ኮንቮይ የተማረኩ ሁለት የጣሊያን ጠመንጃዎች አንዱ የሚታመን፣ ሌላው የማይታመን ሊሆን ይችላል። መልኩ አይናገርም። ተኩሶ ያየ ብቻ ያውቃል፤ ተኩሶ ለማየት ደግሞ ጥይት ያስፈልጋል።

ቦዩ እንዴት ይወጣል?

ከላይ የተጠቀሱት ጠመንጃዎች ሁሉ ቦያቸው የወጣው በመፋቅ ነው። በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ የተሰካ ትንሽ ምላጭ በአፈሙዙ ውስጥ እየዞረ ይጎተታል። አንድ ጊዜ ሲያልፍ የሚያነሳው ብረት ከፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ ነው። አንድ አፈሙዝ እስኪያልቅ በመቶዎች የሚቆጠር ምልልስ ይጠይቃል። ሥራው ዘገምተኛ ነው፤ ግን ብረቱን አያስጨንቀውም። የካርካኖ ዓይነት እየፈጠነ የሚሄድ ቦይም ለማውጣት የሚመቸው በዚህ መንገድ ነው። ዛሬም አንዳንድ የውድድር አፈሙዝ ሠሪዎች ይህን ቦይ በትእዛዝ ይሠራሉ።

ሁለተኛው ዘዴ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋ ነው። ከጠንካራ ብረት የተሠራ፣ የቦዩ ቅርፅ ያለበት ቁልፍ የሚመስል መሣሪያ በአፈሙዙ ውስጥ በኃይል ያልፋል። ብረት አያነሳም፤ ተጭኖ ቅርፅ ያስይዛል። ሥራው በአንድ ጉዞ ያልቃል፤ ውስጡም ለስላሳ ይሆናል። ችግሩ የተጨነቀው ብረት ኋላ ሊንቀሳቀስ መቻሉ ነው፤ ስለዚህ በእሳት ማለዘብ ግድ ይላል።

ሦስተኛው ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለመትረየስ የተጠቀሙበት ነው። የቦዩን ግልባጭ የያዘ ዘንግ በአፈሙዙ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ መዶሻዎች ከውጪ ይቀጠቅጡታል። ፈጣን ነው፤ አፈሙዙም ብዙ ጥይት ይችላል። ለሠራዊትና ለአደን ጠመንጃ ተመራጭ የሆነው ለዚህ ነው።

ታዲያ ለዒላማ ውድድር የቱ ይሻላል? የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊ እንደማይስማማው ሁሉ የተፋቀና የተጫነ አፈሙዝ ደጋፊዎችም አይስማሙም። ሁለቱም በታላላቅ ውድድሮች አሸንፈዋል። ከዘዴው ይልቅ የሚያሸንፈው ወጥነት ነው። ቦዩ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ስፋት፣ አንድ ጥልቀት ሊኖረው ይገባል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥይቱ በመጨረሻ የሚለቀው የአፈሙዙ ከንፈር መጎዳት የለበትም። ምርጥ ቦይ ያለው ጠመንጃ ከንፈሩ በአንድ በኩል ከተበላ፣ ጥይቱ ሲወጣ ጋዙ በዚያ በኩል ቀድሞ ይገፋውና ያስተዋል። ጠመንጃን በብረት ዘንግ ከአፉ በኩል ደጋግሞ መጥረግ ይህን ያመጣል። የዚያ ዘመን ጥይት ማቀጣጠያው ጨው ስለሚተው ያልታጠበ አፈሙዝ ይዝጋል። ስለዚህ አርበኛው ከሁለት ክፉ መምረጥ ነበረበት፤ ካልጠረገ ዝገት፣ ያለ ጥንቃቄ ከጠረገ የተበላ ከንፈር።

በአጭሩ፣ ጥሩ ተኳሽ ማለት መቼ መተኮስ ብቻ ሳይሆን መቼ አለመተኮስ እንዳለበት የሚያውቅ ነው። በበላይ ሕይወት ላይ እስከ ዛሬ የሚያከራክረውም የተኮሰው ጥይት አይደለም፤ ያልተኮሰው ነው።

ሸፋርታክ

በ1933 ዓ.ም መጋቢት ላይ ነገሩ ወደ ማለቂያው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በሱዳን በኩል ገብተው በጎጃም ወደ ደብረ ማርቆስ እየቀረቡ ነው። ደብረ ማርቆስ የነበረው የኮሎኔል ማራቬንታኖ ጦር ከተማውን ለቆ ወደ ዓባይ ወረደ። ቤተሰቡና ተከታዩ ሲጨመር ከ10,000 በላይ ሰው ነው። መሻገሪያው ሸፋርታክ ነበር። ሸፋርታክ ደግሞ በበላይ አገር ነው።

እንግሊዞች ይህን ስላወቁ አዲስ አበባ የተወለደውን መኮንናቸውን ዊልፍሬድ ቴሲጀርን ወደ በላይ ላኩት። ዕቅዱ መሻገሪያውን ዘግቶ ያንን ሁሉ ጦር ገደሉ ውስጥ ማስቀረት ነበር። ቦታው ለተኳሽ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ጠባብ መንገድ፣ ቁልቁለት፣ ከላይ አፋፍ፣ ከታች ወንዝ።

ጣሊያኑ ግን ሳይመታ ተሻገረ።

ለምን? በእንግሊዝ መኮንኖች መጻሕፍት ላይ የተጻፈው መልስ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትን ይጠቅሳል። የጎጃም አሮጌ ገዥ የነበሩት ራስ ኃይሉ በ1924 ዓ.ም የልጅ ኢያሱን ማምለጥ ረድተዋል ተብለው ታስረው፣ በጣሊያን ዘመን ከወራሪው ጋር የቆሙ መስፍን ናቸው። እንደ መኮንኖቹ አባባል ለበላይ ከቤተሰባቸው ሚስት እንደሚሰጡት ቃል ገብተውለት ነው መንገዱን የለቀቀው። ባላባት ላልሆነ ሰው ከጎጃም መሳፍንት ቤት መጋባት ትልቅ ነገር ነበር። ለበላይ የሚከራከሩ ደግሞ አምስት ዓመት ሙሉ ጣሊያንን ሲያርበደብድ የኖረን ሰው በአንድ ቀን መመዘን ግፍ ነው ይላሉ፤ ወሬውን የጻፉትም የራሳቸው ዕቅድ የከሸፈባቸው ሰዎች መሆናቸውን ያስታውሳሉ።

የማራቬንታኖ ጦር ከዚያ በኋላ ብዙ አልሄደም። በግንቦት 1933 ዓ.ም ወሎ ውስጥ አጂባር አካባቢ ለዊንጌት እጁን ሰጠ። የሞጣው ምሽግ ደግሞ ቀደም ብሎ በሚያዝያ ወድቋል። የእንግሊዙ ቡስቴድ ከሱዳን ወታደሮቹ ጋር የጮቄን ብርድ ተሻግሮ ወርዶ፣ ከጥይት ይልቅ በማስፈራራት ነው ያስረከባቸው። ሞጣ ላይ አለመተኮስ ብልሃት ተባለ፤ ሸፋርታክ ላይ አለመተኮስ ክስ ሆነ።

ጥር 1937

ከነፃነት በኋላ በላይ ደጃዝማች ተብሎ ቢቸና ተሰጠው። ለሌላ ሰው ትልቅ ሹመት ነው። ሰፊ አገር ይዞ ራስ ሲሾም ለኖረ ሰው ግን አነሰ። ጫካ ያልገቡ፣ እንዲያውም ከጣሊያን ጋር የነበሩ ሰዎች ከእሱ በላይ ሲቀመጡ ማየትም አልተዋጠለትም። ከአስተዳዳሪዎቹ ጋር ያለው ቅራኔ ከረረ። ለጥሪ አልመጣም አለ ተባለ፤ ጦር ታዘዘበት። ሶማ አምባ ላይ ተከበበ። በዚህ ጊዜ ከፊቱ የተሰለፈው የአገሩ ሰው ነበር። በመጨረሻም እጁን ሰጠና አዲስ አበባ ተወሰደ።

ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱ ወደ እስራት ተለወጠለት። ነገር ግን ከራስ ኃይሉ ልጅ ከልጅ ማሞ ኃይሉ ጋር ከእስር ቤት አመለጠ። ዓባይን ሳይሻገሩ ተያዙ። በጥር 1937 ዓ.ም አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ላይ በላይ ዘለቀ በስቅላት ተገደለ። ወንድሙ እጅጉና ማሞ ኃይሉም አብረውት ተሰቀሉ። ዕድሜው ከ33 ዓመት ብዙ አይበልጥም።

አባቱ የልጅ ኢያሱ ሰው በመሆናቸው የጀመረው የቤተሰቡ ጣጣ፣ ልጅ ኢያሱን አስመለጡ በተባሉት መስፍን ልጅ አጠገብ ገመድ ላይ አለቀ። በላይን ጣሊያን አምስት ዓመት ፈልጎ አላገኘውም። ያገኘው የተዋጋለት መንግሥት ነው።

ዛሬ የባሕር ዳር አየር ማረፊያ በስሙ ይጠራል። አዲስ አበባም በስሙ የሚጠራ መንገድ አላት። ቢቸና ላይ ግን ክርክሩ አላበቃም። አንዱ ዒላማውን ያነሳል፣ ሌላው ሸፋርታክን ያነሳል፣ ሦስተኛው ገመዱን አንስቶ ሁለቱንም ዝም ያሰኛቸዋል።